መንጠቆው ላይ አትቆጥቡ፤ ላባው ቤታችሁ አለ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ልጄ ዓሣ ማጥመድ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን ደግሞ ዝንቡን ራሴ ካላሰርኩ እያለ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ሙሉ ዕቃ 90 ዶላር ይላል። ልግዛለት ወይስ ቅብጠት ነው?» ይሄን ጥያቄ በተለያየ መልኩ የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ መልሱን እዚሁ ለሁላችሁም ልጻፈው።

ቅብጠት አይደለም። ግን የ90 ዶላሩን ሳጥን አትግዛ።

ነገሩ እንግዳ ለሆነባችሁ ወዳጆቼ አንድ ሁለት መስመር ልበል። ዝንብ ስል ኩሽና ውስጥ የምናባርራትን ማለቴ አይደለም። ባዶ መንጠቆ ላይ ክር፣ ላባና ፀጉር ተጠምጥሞ ነፍሳትን ወይም ትንሽ ዓሣን የሚያስመስል ማጥመጃ ነው። ፈረንጆቹ ፍላይ ይሉታል። ጂግ ደግሞ የሱ ዘመድ ሲሆን መንጠቆው አንገት ላይ ከባድ የብረት ጭንቅላት ስላለው ቶሎ ይሰምጣል። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ በሚያዝያ ወር ፍሌቸርስ ኮቭ ብትሄዱ፣ ሻድ የሚባለው ዓሣ ከባሕር ተነስቶ በፖቶማክ ወንዝ ሽቅብ ሲወጣ ታገኙታላችሁ። ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ የሚወረውራት ጭንቅላቷ ቀለም የተቀባ፣ ጅራቷ ፀጉር የሆነ ትንሽ ነገር ጂግ ናት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሱቅ ውስጥ አንድ ዝንብ 3 ዶላር ገደማ ነው። ቤት ውስጥ ሲታሰር መንጠቆው 25 ሳንቲም፣ ክሩም ላባውም ተደምሮ ሌላ 25 ሳንቲም ቢሆን፣ 50 ሳንቲም አካባቢ ይወጣበታል። በአንዱ ዝንብ 2 ዶላር ከ50 ተረፈ ማለት ነው። መነሻ ዕቃው 50 ዶላር ከፈጀ ሃያኛው ዝንብ ላይ ወጪውን መልሷል። 90 ዶላር ከሆነ ግን ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ነው። ስለዚህ በዓመት አሥር ዝንብ ብቻ የሚጠፋበት ሰው ሱቅ ሄዶ ይግዛ፤ ያዋጣዋል። በየሳምንቱ ውሃ ዳር የሚውል፣ በአንድ ቀን አምስት ስድስት የሚጠፋበት ልጅ ያለው ግን ይሰር።

ለእኔ ግን ከሒሳቡ የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው። ዓሣ ሜዳ ላይ አይቆምም። የሚደበቀው የወደቀ ግንድ ሥር፣ ድንጋይ መሃል፣ የድልድይ ምሰሶ ጥግ ነው። መንጠቆ የሚያዘውም እዚያው ነው። የ3 ዶላር ዝንብ ያሰረ ልጅ ግንዱን ሲያይ ይፈራል፤ «አባዬ ይቆጣል» ብሎ ባዶ ውሃ ላይ ሲወረውር ይውላል። የ50 ሳንቲም ዝንብ ያሰረው ግንዱ ውስጥ ይወረውራል። ሁለት ይጠፋበታል፣ በሦስተኛው ዓሣ ይይዛል። እርካሽ ዝንብ ደፋር ያደርጋል። ዕቃው በዋጋ መወደድ የሌለበት ለዚህ ነው።

እሺ፣ የ90 ዶላሩ ሳጥን ምን በደለ? ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው የአሥር ቀለም ላባ ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ፣ የማይቆርጥ መቀስ፣ ስማቸውን እንኳ የማታውቋቸው መሣሪያዎች፣ ከዚያ በጣት የሚቆጠር መንጠቆ ነው። ያለቀው መንጠቆ፣ የተረፈው ላባ ይሆናል። ልጁ ሦስት ዓይነት ዝንብ ጀምሮ አንዱንም ሳይለምድ ሳጥኑ አልጋ ሥር ይገባል።

የኔ ምክር በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ አንድ ዝንብ ምረጡ፤ ለሱ ብቻ የሚያስፈልገውን ግዙ፤ ሃያውን እሰሩ። ከየትኛው እንጀምር ካላችሁ ዉሊ በገር የሚባለው አለላችሁ። ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ለጅራቱ ለስላሳ ላባ፣ ለሰውነቱ ወፍራም ለስላሳ ክር፣ ዙሪያውን የሚጠመጠም የአውራ ዶሮ ላባ። ቁጥር 8 መንጠቆ ይበቃዋል። (የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ ያዙልኝ፤ 14 ከ8 ያንሳል።) ባስም፣ ትራውትም፣ ትናንሾቹ የኩሬ ዓሣዎችም ይበሉታል። የጅራቱ ላባ ማራቡ ይባላል። ስሙን ያገኘው ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ላይ ቆሞ ቅሪት ከሚጠብቀው ከኛው አባ ኮዳ ነው። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው ግን የተርኪ ላባ ስለሆነ አባ ኮዳ በሰላም ይኑር።

ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ አለ። አንደኛው መንጠቆ ነው። እዚህ ላይ አትቆጥቡ። እርካሽ መንጠቆ ወይ ጫፉ ደነዝ ነው፣ ወይ ትልቅ ዓሣ ሲስበው ይቃናል። ጫፉን አውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ በቀስታ አሳርፉት፤ ከያዘ ስለታም ነው፣ ከተንሸራተተ ደነዝ ነው። ሁለተኛው መቀስ ነው፤ ጫፉ ቀጭን፣ እስከ ጫፉ የሚቆርጥ። ሦስተኛው ቦቢን የሚባለው የክር መያዣ ነው። አፉ ሸካራ ከሆነ ክር እየበጠሰ ልጁን ያስለቅሰዋል፤ አምስት ዶላር ግድም የሚሸጠው ደህናው ይበቃል።

ሞርሳው ላይ ሰዎች ይከራከሩኛል። አዎ፣ ብዙ መቶ ዶላር የሚያወጣ የሚሽከረከር ሞርሳ አለ፤ ሲያዩት ያስጎመጃል። የሞርሳ ሥራ ግን መንጠቆውን ጨምድዶ መያዝ ብቻ ነው። መንጠቆውን አስራችሁ በጣታችሁ ወደታች ስትጫኑት ካልተንሸራተተ፣ የሃያ ዶላሩም ሞርሳ ሞርሳ ነው። ያገለገለ ደግሞ የተሻለ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዝንብ የሚያስሩት ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ወይም ቤት ሲቀይሩ ያ ሁሉ ዕቃ ያርድ ሴል ላይ በሳጥን ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት ዞር ዞር በሉ።

ክርን በተመለከተ ለጂግና ለትልልቅ ዝንብ ተራው የልብስ ስፌት ፖሊስተር ይሠራል። ከቁጥር 14 ወዲያ ላሉት ትናንሾቹ ግን ይወፍራል፤ ለነሱ የማሰሪያውን ቀጭን ክር ግዙ። አንዱ ጥቅል ሦስት ዶላር ቢሆን ነው፣ ለብዙ ደርዘን ዝንብ ይበቃል።

ሌላውስ? ሌላው ቤታችሁ አለ። መውጊያ የሚሉት መሣሪያ ቡሽ ላይ የተሰካ መርፌ ነው። መጨረሻ ላይ ቋጠሮ መጣያው ያለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ ይሆናል። ማጣበቂያው ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ነው። ብልጭልጩ ከገና ዛፍ ጌጥና ከቺፕስ ከረጢት ይቆረጣል። የመዳብ ሽቦው የተበላሸ ቻርጀር ገመድ ውስጥ አለ። ሰውነቱ ከተረፈ የሹራብ ክር ይወጣል። ጭንቅላቱ ላይ ዶቃ የሚፈልግ ዝንብ ከሆነ፣ እናቶቻችን አንገት ላይ የምናውቀው የመስታወት ጨሌ ይሠራል። ሱፍን በጣት እያከረሩ ክር ላይ የማልበስ ሥራ ደግሞ አለ፤ ጀማሪ ፈረንጅ ሳምንታት ይታገለዋል። ጥጥ በእንዝርት ፈትላ ያደገች እናት ካለቻችሁ አስጠሯት፤ በአምስት ደቂቃ ታሳያችኋለች።

ላባውስ? ለፋሲካ እርሻ ድረስ ሄዳችሁ ዶሮ መርጣችሁ የምታሳርዱ ሰዎች፣ የአውራውን የአንገትና የጀርባ ላባ ለምን ትጥሉታላችሁ? ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጋችሁ አንድ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፤ ብል እንዳይገባበት ነው። ውሃ ላይ ለሚንሳፈፈው ትንሽ ዝንብ አይሆንም፤ እሱ በተለይ ለዚሁ የተዳቀለ ዶሮ ላባ ይፈልጋል፣ ውድም ነው። ለሚሰምጠው ዝንብና ለጂግ ግን ከበቂ በላይ ነው።

«ጥሩ ዝንብ ከውድ ዕቃ ነው የሚሠራው» የሚሉኝ አሉ። ፍራንክ ሶየር የእንግሊዝ አገር የወንዝ ጠባቂ ነበር። የሠራው ፌዛንት ቴይል የሚባለው ዝንብ እስከዛሬ በዓለም ዙሪያ ዓሣ ይይዛል። የተሠራበትም ከሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከፌዛንት ወፍ የጅራት ላባና ከቀጭን የመዳብ ሽቦ። ክር እንኳ አልተጠቀመም። ሌላው ዝነኛ ዝንቡ የተሠራው ቻድዊክስ 477 ከሚባል የካልሲ መጠገኛ ሱፍ ነበር። ፋብሪካው ሱፉን ማምረት ሲያቆም ያ የካልሲ ክር ብርቅ ሆነና ሰዎች በውድ ዋጋ ይሻሙበት ጀመር! ሶየር የመረጠው በእጁ ላይ ያገኘውን ነበር፤ ተከታዮቹ ግን ስሙን አሳደዱ።

ይሄ ማሳደድ የት ድረስ እንደሚያደርስ ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 2009 ኤድዊን ሪስት የተባለ ለንደን ውስጥ ሙዚቃ የሚያጠና አሜሪካዊ ወጣት፣ ትሪንግ ከተማ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በመስኮት ገብቶ 299 የብርቅዬ ወፎች ቆዳ ሰረቀ። ለምን ቢባል የድሮ የሳልሞን ዝንብ ለማሰሪያ የሚሆነው ላባ በውድ ስለሚሸጥ ነው። ልብ በሉ፣ እነዚህ ዝንቦች ዛሬ በአብዛኛው ለጌጥ እንጂ ውሃ ውስጥ ሊጣሉ የሚታሰሩ አይደሉም። በ2011 ደግሞ ሴቶች ፀጉራቸው ላይ ረጅም የዶሮ ላባ መሰካት ፋሽን ሆነና የዓሣ ዕቃ ሱቆች ላባ እስኪያጡ ድረስ ዋጋው ጣራ ነካ። በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሰው ያኔ ተቸገረ። የሹራብ ክር የለመደው ግን ማሰሩን ቀጠለ።

ቁጠባም ግን ወሰን አለው። ሁለት ነገር አጥብቄ ላስጠነቅቅ።

አንደኛ፣ አሜሪካ ያላችሁ መንገድ ላይ የወደቀ የዱር ወፍ ላባ አታንሱ። በ1918 የወጣው የተሰዳጅ ወፎች ሕግ የአብዛኞቹን የአገሩን የዱር ወፎች ላባ፣ መሬት ላይ ወድቆ የተገኘውንም ጭምር፣ መያዝ ይከለክላል። የዶሮ፣ የተርኪ፣ የፌዛንትና የጅግራ ላባ እዚህ ሕግ ውስጥ አይገባም። የአጋዘን ጅራት ለጂግ ግሩም ነው፤ አዳኝ ጎረቤት ካላችሁ ጠይቁት፣ ብዙዎቹ ይጥሉታል።

ሁለተኛ፣ እርሳስ (የብረቱን ማለቴ ነው፣ የምትጽፉበትን አይደለም)። ጂግ ራሳችን አቅልጠን እንቅረጽ፣ ይረክሳል የሚሉ አሉ። ልጅ ባለበት ቤት፣ ኩሽና ውስጥ? በፍጹም! ለልጅ ደም ውስጥ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም። የቀለጠ እርሳስ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ብትወድቅ ደግሞ ይፈናጠራል። ያልተቀባውን ጭንቅላት በጅምላ ግዙና ቀለሙን ራሳችሁ ቀቡት፤ ነክታችሁት ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ። እንደ ኒው ሃምፕሻየርና ማሳቹሴትስ ያሉ ስቴቶች ሉን የሚባለው የውሃ ወፍ እየዋጠው ስለሚሞት ትንንሽ የእርሳስ ጂግ ከልክለዋል። የስቴታችሁን ደንብ እዩ። ተንግስተን ከእርሳስ ይከብዳል፣ አይመርዝም፣ ግን ይወደዳል። ነሐስ መሃል ላይ ያለ ምርጫ ነው።

ለመግዛት የግድ የሆነውን ደግሞ በጋራ ግዙ። እቁብ የምናውቅ ሕዝብ አይደለንም እንዴ? አንድ ሙሉ የአውራ ዶሮ ጀርባ ብቻውን ለመቶዎች ዝንብ ይበቃል፤ ለአንድ ልጅ ምን ያደርግለታል? መንጠቆም መቶውን አንድ ላይ ሲገዙት ይረክሳል። አራት ቤተሰብ ተሰባስቦ ቢካፈል ለሁሉም ይዳረሳል።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄ ትምህርቱን ትቶ ላባ ሊጠመጥም?» ይሉኛል። እኔ ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ። ክር ሊበጠስ ሲል ያለውን ስሜት ጣቱ ያወቀ ልጅ፣ ያበላሸውን ፈትቶ እንደገና የጀመረ ልጅ፣ ክፍል ውስጥም ሲቀመጥ ይታወቃል። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን በሥራቸው እየተጠቀምን ስም ስናወጣላቸው ኖረናል። ያንን እንኳ እዚህ ድረስ ተሸክመን አንምጣ።

ደግሞ ሁለት ሥራ የምትሠሩ አባቶችና እናቶች፣ ሐይቅ ለመሄድ ሙሉ ቀን ያስፈልጋል፤ ሙሉ ቀን የላችሁም። አንድ ዝንብ ለማሰር ግን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ማታ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ጠረጴዛው ጥግ ላይ፣ ከልጃችሁ ጎን፣ ስልክ ሳይነካ የሚያልፍ ሃያ ደቂቃ ነው። ሳጥኑ ውድ ሆኖባችሁ ይሄንን እንዳትተውት ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያላችሁ፣ አራት ቤተሰብ ሆናችሁ ከተሰባሰባችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ሞርሳዬን፣ መንጠቆና ክር ይዤ እመጣለሁ። እናንተ የዶሮ ላባና የተረፈ ሹራብ ክር አዘጋጁ፤ ቡናውንም አፍሉ።