ትልቅ ሞንታርቦ ከመግዛታችን በፊት

ባለፈው ዓመት የወላጆች በዓል ዕለት በአዳራሻችን ተገኝታችሁ የነበራችሁ ሁሉ የሆነውን እንደምታስታውሱ አልጠራጠርም። ዘፈኑ ተጀምሮ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው የጣሪያው ቆርቆሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ማይክራፎኑ ጮኸ፤ የክፍላችን ልጅ ብዙ ሳምንት የተለማመደችው ዜማ ከአፏ ሲወጣ ይታይ ነበር እንጂ የሚሰማው አልነበረም። ከፊት ረድፍ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን በጆሯቸው ላይ ጠቅልለው ሲወጡ አይቻለሁ። ይህን ያደረገው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ስለ እርሱ መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ያን ዕለት ቤዝ ጊታሩን ይዤ የነበርሁት እኔ ነኝ። ማታ ቤት ስገባ እናቴ «ልጄ፥ ስትጫወት አይቼሃለሁ፤ የሰማሁት ግን ጣሪያውን ነው» አለችኝ።

አሁን የሙዚቃ ክበባችን በዕረፍት ሰዓት ቡና እያፈላ በመሸጥ ያጠራቀመው ጥቂት ገንዘብ አለ። ብዙዎቹ ጓደኞቼ በዚህ ገንዘብ ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ ይገዛ ይላሉ። ባለፈው ዓመት ድምፁ የተበላሸው መሣሪያው ትንሽ ስለ ሆነ ነው የሚል ነው ምክንያታቸው። እኔ በበኩሌ ይህን አሳብ እቃወማለሁ። ያን ዕለት የጎደለን ጩኸት አልነበረም፤ ጩኸትማ ሞልቶ ተርፎን ነበር። የጎደለን የቤዙን ድምፅ በሥርዓት ወደ ሕዝቡ የሚያደርስ መንገድ ነው። ይህንም ሳናበጅ ትልልቅ ሞንታርቦ ብንገዛ ያንኑ ጥፋት አበርትተን እናሰማለን ማለት ነው።

ቤዝ ጊታር ምን እንደ ሆነ ላልለዩ ወላጆች ባጭሩ ላስረዳ። ብዙውን ጊዜ አራት ወፍራም አውታሮች አሉት፤ ሥራውም ከከበሮው ጋራ ሆኖ ለዘፈኑ መሠረት መጣል ነው። በገና ሲደረደር የሰማ ሰው ወፍራም ድምፅ ምን ያህል ቦታና ጸጥታ እንደሚፈልግ ያውቃል፤ አሥሩ አውታሮች እየነዘሩ የሚሰጡት ድምፅ በጫጫታ መካከል ቢገባ ወዲያው ይጠፋል። ቤዝም እንደዚሁ ነው። ከአራቱ አውታሮች ወፍራሙ በአንድ ሰከንድ ወደ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ፥ በፊዚክስ ክፍል እንደ ተማርነው 340ን ለ41 ብናካፍል የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር በላይ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህን የሚያህል ሞገድ ትንሽ ስፒከር አየሩን ገፍቶ ሊያወጣው አይችልም። በግድ አውጣ ቢሉት ይንኮሻኮሻል፥ በመጨረሻም ይቀደዳል። በአዳራሹ ማዕዘን ላይ ቢያስቀምጡት ደግሞ ግድግዳዎቹ ወፍራሙን ድምፅ እየመለሱ ያጎሉታልና አንዱ ድምፅ ሲያጓራ ሌላው ይሰወራል።

እኔ ያደረግሁት እነዚህን ስሕተቶች አንድ በአንድ ነው። ጊታሬን ለኪቦርድ በመጣው ትንሽ ስፒከር ላይ ሰካሁ፤ ስፒከሩን ማዕዘን ውስጥ ወደ ሕዝቡ አዙሬ አስቀመጥሁ፤ ራሴ ከጀርባው ቆምሁ። ከጀርባው ስለ ቆምሁ የራሴ ድምፅ በደንብ አልተሰማኝምና ጨመርሁ። ጊታር የሚመታው ጓደኛዬ እኔን አይቶ ጨመረ። ድራም የሚመታው እኛን አይቶ በረታ። ዘፋኟ ምን ትጨምር? ጉሮሮዋን ነው እንጂ! የማይኳ ድምፅ ከፍ ሲደረግላት ሞንታርቦው ከኋላዋ ነበርና የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይኩ እየገባ ያን ሁላችንም የሰማነውን ፉጨት አመጣ።

«ታዲያ ኀይለኛ መሣሪያ ቢኖር ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር» የሚል ይኖራል። እስቲ በቁጥር እንየው። የማጉያውን ኀይል ከ500 ዋት ወደ 1000 ዋት ብናሳድገው ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይኸውም ጆሮ መጠነኛ ለውጥ ነው የሚለው ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኀይሉ ወደ አሥር እጥፍ መድረስ አለበት። የቡና ሽያጫችን ይህን አይችልም። በአንጻሩ ምንም ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። ሞንታርቦውን ከማዕዘን ማውጣት፤ ከማይኮቹ ፊት ለፊት አስቀድሞ ማቆም፤ የፊተኛው ረድፍ ሰው ድምፁን እንዳይጋርደው ከሰው ራስ በላይ ከፍ ማድረግ፤ በሚክሰሩ ላይ በእያንዳንዱ የዘፋኝ ማይክ ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን መቁረጥ። የሴት ልጅ ድምፅ እዚያ ታች የለም፤ እዚያ ያለው የእግር ኮቴ፥ የትንፋሽና የቤዝ ጉርምርምታ ነው። ይህ አንድ ቁልፍ ብቻውን ምን ያህል ጭቃ እንደሚያጠራ ያልሞከረ አያምንም።

ገንዘብ የሚወጣበት ከሆነ ግን በመጀመሪያ መገዛት ያለበት ባለሙያዎቹ ዲ.አይ. ቦክስ የሚሉት ትንሽ የብረት ሣጥን ነው። መጠኑ እንደ ደብተር ግማሽ ስለሚሆን በማየት የሚያስደንቅ አይደለም፤ ጓደኞቼም ስነግራቸው የሳቁብኝ ለዚህ ይመስለኛል። ሥራው ግን ትልቅ ነው። ከጊታር የሚወጣው ምልክት ደካማ ስለ ሆነ ተራው የጊታር ገመድ ከ6 ሜትር ገደማ ሲያልፍ ጥራቱን እያጣ የመብራቱን እምምታ እየሰበሰበ ይሄዳል። ሣጥኑ ይህን ምልክት ለረጅም መንገድ ያዘጋጅና ሦስት እግር ባለው የማይክ ገመድ ወደ ሚክሰሩ ይልከዋል። በዚያ ገመድ ውስጥ ሁለት ሽቦዎች አንዱን ድምፅ እርስ በርሱ ተቃራኒ አድርገው ይሸከሙታል። በመንገድ የሚገባው ረብሻ በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ ሚክሰሩ ልዩነታቸውን ሲወስድ ረብሻው ይጠፋል። እንደ እኔ ባትሪ የሌለው ጊታር ላለው ሰው ከሚክሰሩ 48 ቮልት ወይም ከባትሪ ኀይል የሚወስደው ዓይነት ይሻላል። ከዚህ በኋላ ቤዙ በትልቁ ሞንታርቦ ይወጣል፥ መጠኑንም ከአዳራሹ መካከል ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ይወስናል። ትንሹ ስፒከር ለእኔ ጆሮ ብቻ ወደ እኔ ዞሮ ይቀመጣል።

ቤዝ ካልጮኸ አይሰማም ለሚሉ ጓደኞቼ የአባቶቻችንን ሙዚቃ ማስታወስ እወዳለሁ። ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ጊታር በአሜሪካ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ በአገራችን ይህን መሣሪያ እንደ ራሳቸው ቋንቋ የሚናገሩበት ሰዎች ተነሥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋራ በሠራው «ኧረ መላ መላ» ላይ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ አዳምጡ። በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት የተጫወተውን የዋልያስ ባንድን ቤዝ አዳምጡ። ማንንም አይጫንም፤ ሆኖም ቢወጣ ዘፈኑ ይፈርሳል። እኔ በዚያ ሙዚቃ የተማርሁት ዝም የሚባልበትን ቦታ ማወቅ ነው፤ ተምሬ ጨርሻለሁ ግን አልልም።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ያን ዕለት ልምምድ ስናደርግ ከንፈሬ ማይኩን ሲነካ ነዘረኝ። ሳቅን፤ አለፍነው። በኋላ ብንመለከት እኛው ያመጣነው ዲቫይደር ስፒና የመሬት መስመሩ ተነቅሎ ኖሯል። የጊታር አውታር ብረት ነው፤ አውታሩን በእጅ ይዞ በአፍ ማይክ መንካት ማለት የመሬት መስመር በሌለበት ራስን ሽቦ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው ባንድ ጊታር ተጫዋች ሌስ ሐርቪ በዌልስ በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ እያለ ከመሬት መስመር ጋራ በሚገባ ያልተያያዘ ማይክራፎን ነክቶ በኤሌክትሪክ ሞቷል። እምምታው እንዲጠፋ የስፒናውን የመሬት መስመር ንቀሉት የሚሉ አሉ፤ ይህን ምክር የሚሰጥን ሰው፥ ታላቅም ቢሆን፥ አትስሙት። በዲ.አይ. ሣጥኑ ላይ ለዚሁ የተሠራ መቀየሪያ አለ፤ የድምፁን ገመድ መሬት እንጂ የመብራቱን አይቆርጥም። ሶኬቶቻችንንም ከበዓሉ በፊት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይመርምራቸው።

መብራት ሲሄድ ሁሉንም ማጥፋት፥ ሲመጣም ጥቂት ታግሦ ሚክሰሩን አስቀድሞ ማጉያውን በመጨረሻ ማብራት፥ ሲዘጋ ማጉያውን አስቀድሞ ማጥፋት ይገባል። ስታብላይዘር ቢገኝ መልካም ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ እርጥበት። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር እንደማይለቀን ለእናንተ አልነግርም። ወላጆቻችን ቡናቸውን ከመሬት አንሥተው በአልጋ ላይ ያሰጣሉ፤ እኛ ግን ከቡና ስንት እጥፍ የሚወደደውን ዕቃ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ጥለነው እንከርማለን! ገመዶቹ ጫፋቸው ዝጓል፤ ባለፈው ወር ከአራቱ ሁለቱ እየተቆራረጡ ነበር። የጣውላ መደርደሪያ ያስፈልጋል። አውታሩ ከተጫወቱ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ገመዱም በክንድ ላይ እየተጠመዘዘ ሳይሆን በተፈጥሮው መታጠፊያ ይጠቅለል።

ለጊታር ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው የሚሉ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። የርእሰ መምህሩ ንግግርና የድራማ ክበቡ ትርኢትም የሚሰማው በዚሁ ሚክሰርና በዚሁ ገመድ መሆኑን ብቻ ላስታውሳቸው።

ክበባችን ስለ ግዢው ሲሰበሰብ ድምፄን የምሰጠው ለአንድ ዲ.አይ. ቦክስ፥ ለሦስት ደኅና ገመዶች፥ ለሁለት የሞንታርቦ ማቆሚያና ለኤሌክትሪክ ባለሙያው አበል ነው። ከተረፈ ስታብላይዘር ይገዛ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚክሰሩን መማር የሚፈልግ የዘጠነኛ ወይም የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቢገኝ የማውቀውን አሳየዋለሁ፤ እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ሄደን እርሱ ይቀራልና። እናቴ ዘንድሮም ከፊት ረድፍ እንደምትቀመጥ ነግራኛለች።