የዘገየው መስመሩ ነው ወይስ ገጹ?

«ኔትወርክ የለም» የሚለው ቃል በጭሮም፣ በሒርናም፣ በገለምሶም ለዘገየ ሥራ ሁሉ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል። በእኔ አሳብ ግን ብዙ ጊዜ መስመሩ ያለ ጥፋቱ ይታማል።

አምና የአሠሪዬን የንግድ ፈቃድ ያለ መቀጫ ለማሳደስ ሁለት ቀን ሲቀረን፥ የአንድ መሥሪያ ቤት ገጽ አልከፈት ብሎ አዋለን፤ ሌሎች ገጾች ግን ወዲያው ይከፈቱ ነበር። በክሮም ላይ ኤፍ12 የተባለውን ቁልፍ ተጭኜ፥ «ኔትወርክ» ከሚለው ክፍል ገብቼ ገጹን እንደገና ብከፍተው፥ እያንዳንዱ ፋይል የፈጀው ጊዜ ተዘርዝሮ ታየኝ። መልስ ለመጠበቅ 40 ሰከንድ፤ ፋይሉን ለመቀበል ግን 1 ሰከንድ እንኳ አልሞላም። መኪናው የቆመው በመንገድ ላይ ሳይሆን በመጋዘኑ በር ነበር ማለት ነው።

በእርግጥ ሠላሳ ገጽ ባንድነት ከፍቶ ኮምፒዩተሩን የሚያስጨንቅ ጸሐፊም አለ፤ ራሴንም ከዚህ አላወጣም። ስለዚህ አስቀድሞ የራስን ማሽን መመርመር፥ በስልክ ኢንተርኔትም መሞከር ይገባል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥፋቱ ከወዲያ መሆኑ ሲታወቅ ግን፥ የዝርዝሩ ፎቶግራፍ ቀንና ሰዓት ተጽፎበት ለመሥሪያ ቤቱ ይቅረብ፤ መሥሪያ ቤቱም «ነገ ሞክሩ» ከማለት ይልቅ ማስረጃውን ተቀብሎ፥ ገጹ በዘገየበት ቀን ልክ ጊዜውን ያራዝም። እኛ አምና መቀጫውን ከፍለናል።