ሞተሩ ስለተነሳ ባትሪው ደህና ነው አትበሉ

እኩዮቼ፣ ሞተር መንዳት የጀመርነው አብረን ነውና ቃሌን እንደ ቁጣ አትዩብኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጃችንን ቀብረናል። ከዱራሜ በአንጋጫ በኩል ወደ ሆሳዕና ሲመለስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጉም በወረደበት መንገድ አህያ ገባችበትና ፍሬን ያዘ። ከኋላው የነበረው አይሱዙ መቆሙን አላየም። ለቅሶ ላይ ልጁ እንደነገረን፣ የሞተሩ ባትሪ ከሞተ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። አባትዬው በእግር እየመታ ያስነሳው ነበር፤ ስለተነሳለትም ደህና ነው ብሎ ተቀመጠ።

ስንቶቻችን እንዲሁ ብለን ተቀምጠናል?

በእጃችን ባሉት አሮጌ ቦክሰሮችና መሰሎቻቸው ካንዴላው እሳት የሚያገኘው ከኮይሉ ነው። በብዙዎቹ የፊት መብራቱም ከዚያው ነው የሚበላው። ስለዚህ ባትሪው ቢሞትም ሞተሩ ይነሳል፣ መንገዱም ይታያል። ከባትሪው የሚበሉት ስቶፑ፣ ፍሬቻውና ክላክሱ ናቸው፤ ሦስቱም ለሌላ ሰው የሚናገሩ ናቸው። እኛ እናያለን፣ እኛን ግን የሚያየን የለም። በዚያ ላይ ጆሯችን እንደ ድሮው አይደለም፤ የመኪናውን ድምፅ የምንሰማው አጠገባችን ከደረሰ በኋላ ነው።

ቴስተር ያለው መካኒክ ዘንድ ሂዱ። ሞተሩ አድሮ፣ ጠዋት ሳይነሳ ይለካ። ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል። 12.4 ከሆነ እየጎደለ ነው፤ 12 ከሆነ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ቻርጅ ተደርጎም 10.5 አካባቢ ላይ ከቀረ፣ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሳይሞት አልቀረም፤ በእሱ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ፣ ነዳጅ እየተሰጠው እንደገና ይለካ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ካልጨመረ ኮይሉ፣ ሬጉሌተሩና የሽቦው ሶኬት ይታዩ። ብዙዎቻችን የምንከስረው እዚህ ላይ ነው፤ ቻርጁ ሳይታይ አዲስ ባትሪ እንገዛለን፣ ብዙም ሳይቆይ እሱም ይሞታል። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ባትሪውን እያፈላው ነው። ውሃው ቶሎ ቶሎ ይጎድላል፣ አንዳንዴም የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

ውሃ ሲጎድል የቧንቧም የምንጭም ውሃ አትጨምሩ፤ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። አሲድም አትጨምሩበት። አደራችሁን፣ መብራት ሲጠፋ ክብሪት ጭራችሁ ባትሪው ላይ አታጎንብሱ። ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል፣ አሲዱም ዓይን ያጠፋል።

እኔ አሁን ከዱራሜ ከመነሳቴ በፊት፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ እከፍታለሁ። በቀኙ በኩል ቆሜ የእግር ፍሬኑን እረግጣለሁ፣ መዳፌን ከስቶፑ ኋላ እዘረጋለሁ። መዳፌ ላይ ቀይ ካልበራ እዚያው አድራለሁ። ከቀብሩ ወዲህ ሁለት ጊዜ አድሬያለሁ።