ፍቅር ብቻ ነውን?

በመሥሪያ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት፣ ቡና በሚጠጣበት ስፍራ ሁሉ፣ አንድ አነጋገር እየተለመደ መጥቷል። ይኸውም «ፍቅር እስከ መቃብር በ2017 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ታይቷልና መጽሐፉን ማንበብ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ከዚህ የባሰም አለ፤ የጉዱ ካሣ ንግግር ረጅም ስብከት ስለ ሆነ ፊልም ሠሪ ቢቈርጠው ተመልካች አይጐዳም የሚሉ የተማሩ ሰዎች አጋጥመውናል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብ ወለድ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ለቅሶ ብቻ አይደለም። የመንገድ መጽሐፍ ነው፤ አንዱ ከማንኩሳ ወጥቶ በዲማ በኩል አዲስ አበባ ይደርሳል፤ አንዷ የመነኵሴ ልብስ ለብሳ ፍለጋውን ተከትላ በእግሯ ትወጣለች። የፌዝም መጽሐፍ ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው ሲኰሩ እንስቃለን፤ ባላገሮቹ በአበጀ በለው መሪነት ተነሥተው በማረኳቸው ጊዜ ግን ሣቁ ወዴት ሲወስደን እንደ ነበረ ይገባናል። ሥርዓቱን የነቀፈውን ካሣን አገሩ «ጉዱ» ብሎ እንደ እብድ ቈጠረው። እርሱ ከተቈረጠ የሚቀረው ሁለት ቆንጆዎች፣ ጥልፍ ቀሚስና እንባ ነው!

በአሜሪካም ሀንተር ቶምሰን ስለ ላስ ቬጋስ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፈው የፌዝ ታሪክ በ1998 ፊልም ሆኗል። ስካር ለካሜራ ይመቻል፤ የከሸፈ ተስፋ ኀዘን ግን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንጂ በሥዕል ላይ እንደ ልብ አይያዝም።

ይህን የምንጽፈው ከሚዛን ተፈሪ ነው። በሸኮና በቤንች አገር ገባርነት ምን እንደ ነበረ ከአያት የሰማ ብዙ ነው፤ መሬትም የሕዝብ ነው ተብሎ የታወጀው በ1967 ዓ.ም. ነው። በቤቱ የሸኮን ቋንቋ እየተናገረ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ስለ ጎጃም ቆንጆዎች ግድ ላይኖረው ይችላል፤ ፊታውራሪ መሸሻን ግን ማንም ሳያስተዋውቀው ያውቃቸዋል። ደራሲውም ይህን አቅጣጫ በወሬ ብቻ አላወቁትም፤ በ1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ በጎጀብ አጠገብ ሲማረኩ አብረው ተይዘው ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል። ከእኛ ወደ ጅማ የሚሄደው አውቶቡስ ያንኑ ወንዝ ይሻገራል፤ ተሳፋሪው ብዙ ጊዜ ተኝቶ ያልፈዋል እንጂ።

ድርሰት ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ሌላ መሣሪያ መዛወሩን ጠሉ አንባል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ባነበበው ጊዜ ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ ጉዱ ካሣን ሰማ፤ ንግግሩ ረዘመ ብሎ ሬዲዮኑን የዘጋ ሰው ግን እኛ አላየንም። እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ልጆቹ ወደ ቴሌቪዥኑ ከመቅረባቸው በፊት የጉዱ ካሣን ክርክር በክፍል ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡት። ወደ ፊትም ይህን መጽሐፍ በፊልም የምትሠሩ ሁሉ፣ ጊዜ ካነሳችሁ ከለቅሶው ቀንሱ።