«ጨዋ ልጅ» ተብሎ የታለፈው ልጅ

እንግዳ ሲመጣ አንገቱን የሚደፋ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ ጥግ ይዞ ቆርኪ ሲደረድር የሚውል የአራት ዓመት ልጅ አለ እንበል። ጎረቤት «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይላል። አያት «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ትላለች። እናት ግን እንቅልፍ የላትም።

ዓይን ለዓይን አለመተያየት ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ልጅ ታላቁን ትክ ብሎ ማየቱ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ስለዚህ አንዱ ልጅ በምልክቱ ይመሰገናል፤ በአስተዳደጉ ዓይን አፋር የሆነው ሌላው ልጅ ደግሞ ያለ ምክንያት ሊጠረጠር ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል። የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ ሥራ አንዱ ይህ ነው።

ኦቲዝም እንደ ወባ በደም ምርመራ አይታወቅም። ባለሙያው ልጁን እያጫወተ ይመለከታል፤ ወላጅን ስለ ልጁ አስተዳደግ ይጠይቃል። የሚጠቀምበት መሣሪያ ግን ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ ነው። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት «አዶስ» የተባለው ምዘና ለትንንሽ ልጆች የአሻንጉሊት ልደት ያዘጋጃል፤ ኬክ ይቀርባል፣ ሻማ እፍ ይባላል። የልደት ሻማ አይቶ የማያውቅ ልጅ ግራ ቢገባው ችግሩ የልጁ ነው ወይስ የጥያቄው? ያው ልጅ ሲኒ ቢሰጠው ቡና አፍልቶ እንግዳ ሊጋብዝ ይችላል። ይህን የሚረዳው ቋንቋውንና ቤቱን የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

እስከ ዛሬ ይህን ሸክም በአብዛኛው የተሸከሙት ወላጆች ናቸው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት የራሳቸውን ልጅ ይዘው ከተንከራተቱ በኋላ ነው። የነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም የወላጆች ጥረት ውጤት ነው። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን የልጅ ዕጣ በእናቱ ብርታት ብቻ ሊወሰን አይገባም።

«እርግማን ነው» እያሉ እናትን መውቀስም ሊቆም ይገባል። በምዕራቡ ዓለም በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሙያው ሰዎች ራሳቸው ኦቲዝምን «ፍቅር በነፈገች እናት» ያሳብቡ ነበር። ሙያው ስህተቱን አርሟል፤ ሰፈሩም ማረም ይችላል። ጠበል የሚወስዱ ወላጆችን መንቀፍ አይጠቅምም፤ ጠበሉም ምርመራውም አብረው መሄድ ይችላሉ።

«ሀገር በስንት ችግር ተይዛ ይሄ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። በር ተቆልፎበት የሚውል ልጅና ሥራዋን ትታ የምትጠብቀው እናት ግን ቅንጦት ላይ አይደሉም። ትምህርት ሚኒስቴርና ጤና ሚኒስቴር ቢያንስ በየወረዳው ትምህርት ቤቶችን እየዞረ የሚያይ ባለሙያ መደብ ይክፈቱ። ባለሙያው የሚሄደው ልጁን እንደሌሎች ልጆች ለማድረግ አይደለም። መምህሩ ጫጫታውን እንዲቀንስ፣ ትእዛዙን በሥዕል እንዲያሳይ፣ ቤተሰቡም የልጁን ጩኸት እንደ ንግግር እንዲሰማ ለማገዝ ነው።

ልጁ ቆርኪ መደርደሩን ይቀጥል ይሆናል። አጠገቡ ቁጭ ብሎ አብሮት የሚደረድር ሰው ሲያገኝ ግን ብቻውን አይሆንም።