«እንኳን ተረፈላችሁ» ከተባለ በኋላ

በእኛ አገር ሞት ሥርዓት አለው። ድንኳን ይተከላል፣ እድሩ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ያመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፤ ሠልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እየተባለ ሐዘኑ በቀን ይቆጠራል። ልጁ መኪና ገጭቶት፣ ጭንቅላቱ ተመትቶ፣ ሳምንታት ራሱን ስቶ ከቆየ በኋላ የነቃለት ወላጅ ግን የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ «እንኳን ተረፈላችሁ!» እርግጥ ተርፏል። ሐዘኑ የሚብሰው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ያን ጊዜ ጠያቂው ሁሉ ወደየቤቱ ገብቷል።

ይህን ሐዘን ምስጋና ቢስነት የሚያደርጉት አሉ፤ «ዛሬም አልተቀበሉትም» ብለው እንደ ሕመም የሚያዩትም አሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ።

ሐኪሞች የንቃትን ደረጃ የሚለኩት እ.ኤ.አ. በ1974 ግላስጎው ውስጥ በተቀመረ፣ ከ3 እስከ 15 በሚደርስ ነጥብ ነው። ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ፣ ሲናገር፣ ሲታዘዝ ነጥቡ ይጨምራል፤ 15 ሲሞላ ቤተሰብ እልል ይላል። ማን ሆኖ እንደነቃ ግን ነጥቡ አይናገርም። ትዕግሥትን፣ ማቀድን፣ ስሜትን መግታትን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ በ6 ዓመቱ የተጎዳ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ከእኩዮቹ ጋር ሄዶ፣ ትምህርቱ ሲከብድ ሰባተኛ ላይ ሊንገዳገድ ይችላል። ዘይት ግዛ ተብሎ ሱቅ ይደርስና የመጣበትን ይረሳል። የተጠየቀውን ለመመለስ ሲዘገይ ይቆጡታል፣ እሱም ደብተሩን ይወረውራል። አስተማሪው ሰነፍ፣ ጎረቤቱ ባለጌ ይለዋል፤ ጠባሳውን ፀጉር ሸፍኖታላ! ከሁሉ የሚከፋው ታናሽ እህቱ የቤት ሥራውን የምታስረዳው ዕለት ነው። እናት ያን ዕለት እንደ አዲስ ታዝናለች፤ ደግሞም ልክ ናት፤ ያጣችው ነገር ገና ያን ዕለት ነው የታያት።

አሜሪካዊው ሲሞን ኦልሻንስኪ የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላለባቸው ልጆች ወላጆች እ.ኤ.አ. በ1962 ሲጽፍ፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቀው ሐዘናቸው ተፈጥሯዊ መሆኑን ተናግሯል፤ ባለሙያዎች «ተቀበሉት» እያሉ እንዳያጣድፏቸውም መክሯል። ምክሩ ብዙም የተሰማ አይመስለኝም። ይልቅ የገነነው የሐኪሟ ኤልሳቤጥ ኩብለር ሮስ የአምስቱ የሐዘን ደረጃዎች ነገር ነው፤ እሷ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 መጽሐፏ የጻፈችው በሞት አፋፍ ላይ ስላሉ ሕሙማን ነበር። ለዚህ ቤት ተመራማሪዋ ፖሊን ቦስ ትቀርባለች። በቬትናም ጦርነት ደብዛቸው ከጠፋ ወታደሮች ቤተሰቦች ተነሥታ፣ አካሉ ከፊት እያለ የቀድሞ ማንነቱ ስለራቀ ሰውም ጽፋለች። እንዲህ ያለው እጦት መቋጫ የለውም፤ ፍቅርና ሐዘን አብረው ይኖራሉ።

በዚህ መሐል ባልና ሚስት በሐሳብ ይለያያሉ። እሷ ጠበል ትላለች፣ እሱ ካሳና ክስ ይላል፤ ማታ ማታ ሁለቱም በየልባቸው «ለምን ብቻውን ላክነው» ይላሉ። ጠበሉን የሚያናንቁ ምሁራን አሉ፤ ሕክምናውን እስካላስተወ ድረስ እኔ አልነቅፈውም። እዚያ ቢያንስ ልጇን እንደሷ ደግፋ የቆመች ሌላ እናት ታገኛለች፤ የምትጣደፍበትም ነገር የለም።

አንዳንድ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመመ አባል መርዳት ጀምረዋል። ደንባቸውን ሲያሻሽሉ ይህንንም ቤት ቢያስቡት ጥሩ ነው። ገንዘቡ ቢቀር እንኳ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ተራ ገብቶ ልጁን የሚይዝ ሰው ይመደብ። እናቲቱ ገበያ ትውጣ፣ ካሻትም ትተኛ። የመጣው ሰውም ከአደጋው በፊት ልጁ ምን ይወድ እንደነበር ይጠይቃት፤ አብዛኛው ሰው እንዳያስከፋት ፈርቶ የሚተወው ይህንን ጥያቄ ነው።