ስለሚጮኽ የመንኰራኵር ኩሽኔታ

በቅሎ በመንገድ ላይ ስታነክስ ባለቤቷ ወርዶ ሰኰናዋን ይመለከታል፤ አውቶሞቢል ሲያጕረመርም ግን ብዙዎቻችን መስኮቱን ዘግተን መንገዳችንን እንቀጥላለን። ይህ ልማድ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስወጣና ምን ያህልም አደጋ እንደሚያቀርብ በገዛ ቤታችን ስላየነው፥ ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች ይጠቅም ይሆናል ብለን የደረሰብንን እንደሚከተለው እንገልጣለን።

ልጆቻችንን የምናመላልስበት ከመሬት ከፍ ያለው አውቶሞቢላችን ከጥቂት ወራት በፊት ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ማጕረምረም ጀመረ። በዝግታ ስንሄድ አይሰማም፤ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ባለፈ ጊዜ ግን እንደ ወፍጮ እያገሣ ወለሉን ያንቀጠቅጥ ነበር። እኛም ሳንመረምር የጎማ ማለቅ ነው ብለን ፈረድንና ሁለት አዲስ ጎማ ገዛን። ገንዘቡ ወጣ፤ ድምፁ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ከዚያም ወደ አንድ ጋራዥ ብንወስደው ሠራተኛው ጥቂት ነድቶ «የፊተኛው የግራ ኩሽኔታ ነው» አለ። በመሪው ላይ ለተቀመጠ ሰው ድምፁ ከግራ የሚመጣ ይመስል ነበርና፥ እኛም ይፈታ ብለን ልንፈቅድ ተነሣን። በዚህ ጊዜ፥ ሁልጊዜ ሕፃን ታቅፈው ከኋላ የሚቀመጡት የቤታችን እመቤት፥ «መንገዱ ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ድምፁ ይበረታል፤ ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ ደግሞ ዝም ይላል፤ ይህስ ስለ ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁ። የነገሩ መፍቻ ይህ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ።

ኩሽኔታ ማለት በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል የተደረደሩ የብረት ድቡልቡሎች ያሉበት ዕቃ ነው፤ የአውቶሞቢሉን ክብደት ተሸክሞ መንኰራኵሩ ሳይፋተግ እንዲዞር ያደርጋል። ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው ለሠረገላ ዘንግ እንዲህ ያለውን ዘዴ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1794 ዓመት በስሙ አስመዝግቦ ነበር። የዛሬዎቹ የቤተ ሰብ አውቶሞቢሎች ኩሽኔታ አብዛኛውን ጊዜ ከነግራሶው የታሸገ ነው። ማሸጊያው ተበላሽቶ ውሃና አቧራ ሲገባበት፥ ወይም መንኰራኵሩ በጕድጓድ ክፉኛ ሲመታ፥ ድቡልቡሎቹ የሚሽከረከሩበት ለስላሳ መንገድ ይቈስላል። ማጕረምረሙም የዚህ ቍስል ድምፅ ነው። እንዲህ ያለው ኩሽኔታ አይታከምም፤ ይለወጣል እንጂ።

አውቶሞቢል ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ክብደቱ በቀኝ በኩል ባሉት መንኰራኵሮች ላይ ይጫናል፤ የቈሰለ ኩሽኔታም ሸክም ሲበዛበት ይጮኻል። ስለዚህ ወደ ግራ ሲዞሩ የሚበረታ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የቀኙ ነው። ጆሮ የሚሳሳተው ድምፅ በብረቱ አካል ውስጥ ተጕዞ በሌላ ስፍራ ስለሚሰማ ነው። የጎማ ድምፅ ደግሞ የመንገዱ ንጣፍ በተለወጠ ቍጥር ይለወጣል፤ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ ቢያዛውሩት ድምፁም አብሮ ይዛወራል። እኛ ይህን አስቀድመን ፈትነን ቢሆን የሁለቱ ጎማ ዋጋ በኪሳችን በቀረ ነበር።

ከጥያቄው በኋላ ሠራተኛው አውቶሞቢሉን በደልዳላ ስፍራ በክሪክ አነሣ፤ በጽኑ መደገፊያም አስደገፈ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ቢነቀንቀው ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ ኩሽኔታ ሳይላላም ሊጮኽ ይችላልና ይህ ብቻ አላረካውም። ስለዚህ በአንድ እጁ መንኰራኵሩን እያዞረ በሁለተኛው እጁ የሞላውን ብረት ዳሰሰ። የግራው ጸጥ ያለ ነበር፤ የቀኙ ግን አሸዋ እንደሚፈጭ ሆኖ ለጣት ተሰማ። እኛም ዳስሰን አረጋገጥን።

አለዋወጡን በተመለከተ ባለቤቱ ቆሞ ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የፍሬኑ መያዣ ሲፈታ በሽቦ ይንጠልጠል እንጂ በዘይት ቧንቧው ላይ አይንጠልጠል። በአንዳንድ አውቶሞቢል ኩሽኔታው ከነሞዞው በብሎን የሚታሰር ስለ ሆነ ሥራው ቀላል ነው። እንደ እኛው ባለው ግን በብረት ቤቱ ውስጥ በመጭመቂያ መኪና ይገባል፤ በመዶሻ ሊደረግ አይገባም። ወደ ቤቱ ሲገባ የሚገፋው የውጩ ቀለበት ነው፤ ሞዞው ሲገባበት ደግሞ የውስጠኛው ቀለበት መደገፍ አለበት። ኀይሉ በድቡልቡሎቹ በኩል ካለፈ አዲሱ ኩሽኔታ ገና ሳይሄድ ይቈስላል፤ ብዙ ሰው «ዕቃው የማይረባ ነው» ብሎ የሚያማው በዚህ ስሕተት የተበላሸውን ነው። በአንድ ጎኑ የመግነጢስ ቀለበት ያለበት ሲሆን፥ ያ ጎን የመንኰራኵሩን ፍጥነት ወደሚያነበው መሣሪያ ይዙር። የመካከለኛውም ዳዶ ሠሪው ፋብሪካ በወሰነው ልክ፥ ልክ በሚያሳይ ቍልፍ ይጥበቅ፤ ሳይጠብቅም አውቶሞቢሉ ክብደቱን በመንኰራኵሩ ላይ አይጣል። የጎማው ብሎኖችም በመስቀል ቅርጽ ከጠበቁ በኋላ፥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተሄዶ እንደ ገና ይታዩ።

በዚያው ሳምንት በዚያው መንገድ ስንሄድ የሰማነው የነፋሱንና የሕፃኑን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ኩሽኔታ እየጮኸ ብዙ ቀን ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ቍስሉ ከበረታ መንኰራኵሩ ይላላል፥ ፍሬኑ ይታወካል፥ መጨረሻውም መንኰራኵር እስከ መውለቅ ሊደርስ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን እንዲህ ያለ ድምፅ በሰሙ ጊዜ ወደ ጋራዥ ከመሄዳቸው በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ይጻፉ፤ በስንት ፍጥነት እንደሚሰማ፥ በየትኛው መዞሪያ እንደሚበረታ፥ ንጣፉ ሲለወጥ እንደሚለወጥ ወይም እንደማይለወጥ። ከኋላ የተቀመጠውንም ሰው ይጠይቁ፤ መሪ ያልያዘ ሰው በደኅና ያዳምጣልና።